ዓይን የማይወጋ መቀስ

«እትዬ መስታወት» የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ከባሏና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውሰው የለም። የምትሠራው የሐኪም መሣሪያ በሚሠራበትና በሚጠገንበት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። መቀሱ፣ መቆንጠጫው፣ የመርፌ መያዣው ከቀጥቃጮቹ ክፍል ጠቁሮና ሻክሮ ይመጣላታል። እሷ በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ትጀምራለች፣ በለስላሳው ትቀጥላለች፣ በመጨረሻ በሞተር በሚሽከረከረው የጨርቅ መወልወያ ላይ ታገላብጠዋለች። ከእጇ ሲወጣ ፊት ያሳያል። የወርክሾፑ ጸሐፊ ከንፈሯን የምትቀባው በእሷ መቀስ ጀርባ እያየች ነው። የወርክሾፑ ባለቤትም እንግዳ መጣ በተባለ ቁጥር ፀጉሩን የሚያስተካክለው እዚያው ላይ ነው። ስሙ ከዚህ መጣ።

ቁመቷ አጠር፣ ክንዷ ደንደን ያለ፣ ድምጿ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ሴት ናት። በወጣትነቷ የመኪና መከላከያና የቧንቧ እጀታ በሚያበሩበት ቤት ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ሠራተኛ ነበረች። የአሁኑ ባለቤት ይህን ወርክሾፕ ሊከፍት እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ሲያፈላልግ ወደ እሷ ላኩት። ሲያያት ትንሽ አመነታ። እሷ ግን ሽርጧን ከተንጠለጠለበት አንስታ «መቼ እንጀምር?» አለችው። ያን ጊዜ የጀመረችው ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

«ብረት ካላበራ ገና አልታጠበም» ትላለች። በዚህ ነገር ተከራክሮ የረታት አልነበረም። ከአሲድ ገንዳው ጋር የሚውለው ቀጭኑ ኬሚስት እንኳ የሚደግፋት ነበር። አንድ ቀን ለምን የማይዝግ ብረት እንደማይዝግ ስትጠይቀው እጁን እያደራረቀ አስረዳት።

«ጠንካራ ስለሆነ እንዳይመስልሽ፣ እትዬ። ውስጡ ክሮሚየም የሚባል ነገር አለ። እሱ አየር ሲያገኝ ብረቱ ፊት ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ እስካለ ድረስ ውሃም ደምም አይደፍረውም። ከተቀደደ ግን ከበር ማጠፊያ በምንም አይሻልም።»

«ታዲያ የኔ ሥራ ምን ይጠቅመዋል?»

«ጭረት ታጠፊለታለሽ። ጭረት ውስጥ ጨውና እርጥበት ይደበቃል። እኔ ደግሞ አሲድ ውስጥ ነክሬ የቀረውን ቆሻሻ አወጣና ሽፋኑ እኩል እንዲለብስ አደርጋለሁ።»

«በቃ፣ እኔ ልብስ አለብሳለሁ፣ አንተ ጃንጥላ ታስይዛለህ» አለችው። ኬሚስቱ ከዚያ ወዲህ የአሲዱን ገንዳ «ጃንጥላ ቤት» ነው የሚለው።

እንዲህ ተግባብተው ሲሠሩ ከርመው፣ አንድ ጠዋት ከከተማው ትልቅ ሆስፒታል አንድ ሳጥን ተመልሶ መጣ። የወርክሾፑ ሹፌር ሳጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ መሄድም መቆምም አቃተው። ስትከፍተው የራሷ መቀሶችና መቆንጠጫዎች ናቸው። አንዱም አልዛገ፣ አንዱም አልተጣመመ።

«ምን ሆነው ነው?»

«ቀዶ ሐኪሙ አልፈልግም አለ።»

«ምን አደረጉት?»

«ዓይኔን ወጉኝ ነው ያለው።»

እትዬ መስታወት ደነገጠች። «ዓይኑን? ሰውዬው መቀሱን በምን በኩል ነው የያዘው?»

«አይ፣ ብርሃኑ ነው እትዬ። የኦፕራሲዮኑ መብራት መቀሱ ላይ ያርፍና ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። አላይበትም አለ።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ የያዘ መሰለ። እሷ አንዱን መቀስ አነሳች፣ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ቀኑን ሙሉ ድምጿ ከሞተሩ በታች ሆነ።

ነገሩን የባሰ ያደረገው አንድ ነገር ነበር። የእትዬ መስታወት ልጅ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ናት። ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ መሣሪያውን መዳፉ ላይ የምታኖርለት እሷ ናት። እናት ወደ ቤት ስትገባ ልጅቷ ከሥራ ተመልሳ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ አባቷም ተረኛ ስላልነበር፣ ሁለቱ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

«ሳጥኑ መጣ» አለች እናት፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ።

ልጅቷ አቀረቀረች።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር እማዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። ያንቺን ስሰጠው ዓይኑን ይጨፍንና አሮጌውን ስጪኝ ይለኛል። አንዳንዴ በእርጥብ ጨርቅ እንሸፍንለት ነበር።»

«በእርጥብ ጨርቅ! የኔን መቀስ! እኔ እንዴት ናቸው ብዬ ስጠይቅሽ ቆንጆ ናቸው ትይኛለሽ!»

«ቆንጆማ ናቸው። ችግሩስ ቆንጆ መሆናቸው አይደል?»

አባትየው ነገሩ እንዲበርድ ፈልጎ «የቆንጆ ነገር ጣጣው መች ጠፍቶኝ፣ አግብቼ የለ!» አለ። ማንም አልሳቀለትም። ጋዜጣውን ገልጦ ከኋላው ተደበቀ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች እናት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የእጅሽን ሥራ ስታሳዪኝ ታስታውሺያለሽ? አዲስ ዕቃ በጨረስሽ ቁጥር ነይ እዪ ትይኛለሽ። ምን ብዬ ልንገርሽ? ይህን ያህል የደከምሽበትን ሰውዬው ፊቱን ያዞርበታል ልበልሽ?»

እትዬ መስታወት ወደ ጓዳ ገባች። ሰሃኖቹ ሲንኳኩ፣ ውሃው ሲፈስ ተሰማ። ታጥቦ ያደረውን ሁሉ መልሳ ታጥበው ነበር። ሲበቃት እጇን በፎጣ እያደረቀች በሩ ላይ ቆመች።

«ውሰጂኝ» አለች።

«የት?»

«መብራቱ ዘንድ። በዓይኔ ልየው።»

ልጅቷ ክፍሉ ሥራ የሌለበትን ቀን ጠብቃ፣ አስፈቅዳ ወሰደቻት። አረንጓዴ ልብስ፣ ቆብ፣ የጫማ ሽፋን አልብሳ አስገባቻት። ክፍሉ እትዬ መስታወት እንዳሰበችው ሰፊ አልነበረም። አንድ አልጋ፣ አንድ የመሣሪያ ጠረጴዛ፣ ከጣሪያ የወረደ እንደ ትልቅ ሰሃን ያለ መብራት። ግድግዳው ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ ሳስቷል። ቀዶ ሐኪሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«የመሣሪያው ባለሙያ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ዶክተር። ዓይንዎን የወጋሁት።»

ሐኪሙ ሳይወድ ፈገግ አለ። አልጋው ላይ በአረንጓዴ ጨርቅ የተከበበ ስፖንጅ አስቀምጦ ነበር። ስፖንጁ መሐል የተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ውስጥ ክሮች የተሰፉበት ነው። መብራቱን አወረደው። ከዚያ ከእሷ መቀሶች አንዱን ሰጣት።

«ጥቁሩን ክር ይቁረጡልኝ። ነጩን እንዳይነኩ።»

ቀላል ነው ብላ ጎንበስ አለች። መቀሱን ስንጥቁ ውስጥ አስገብታ ትንሽ ስታዘነብለው የፀሐይ ጨረር የመሰለ ነገር ዓይኗ ውስጥ ፈነዳ። ብልጭ አለባት፣ እንባ አቀረረች፣ ከመሐል ቦግ ያለ ክብ እንጂ ክር አልታይ አላት። አዙራ ሞከረች። ሌላኛው ጎን አበራ። በግምት ቆረጠች።

ቀና ስትል የተቆረጠው ነጩ ነው።

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እትዬ መስታወት የተቆረጠውን ክር ጫፍ አይታ፣ ስፖንጁን አይታ፣ «ይሄ ሰውዬ ሞቷል» አለችና ሳቀች። ሐኪሙም ሳቀ። ከዚያ ከደበዘዙት አሮጌ መቀሶች አንዱን ሰጣት፤ ጥቁሩን ክር በአንድ ጊዜ ቆረጠችው። አሮጌውን መቀስ ወደ መብራቱ አስጠግታ በጣቷ ስትዳብሰው ግን ፊቷ ተለወጠ። በመጋጠሚያው በኩል ቡናማ ነቁጦች ጀምረውታል።

«ዶክተር፣ እርስዎ ልክ ነዎት። ነገር ግን ይሄ የሚወዱት መቀስ እየተበላ ነው። የደበዘዘው አርጅቶ፣ ተቧጭሮ ነው። ውሃ ይይዛል።»

«አውቃለሁ። የምጠላውን አበራችሁልኝ፣ የምወደው ዛገብኝ። እኔ ዓይኔን እንዳይወጋኝ እንጂ እንዲዝግልኝ አልጠየቅኩም።»

«ዓይንዎን የማይወጋ፣ የማይዝግም ይደርስዎታል» አለችው። እንዴት እንደምትሠራው ገና አላወቀችም። እንደምትሠራው ግን አልተጠራጠረችም።

ወደ ወርክሾፑ ተመልሳ ለኬሚስቱ ስትነግረው መልሱን ያውቀው ነበር። እንደ ስኳር የደቀቀ የብርጭቆ ፍሬ በአየር ግፊት ሲነፋበት ብረት ብርሃን የማይመልስ፣ እኩል የሆነ ድብዝዝ ያለ ፊት ያወጣል። የሚነፋበት ሳጥን ግን ወርክሾፑ የለውም። ባለቤቱ «አዝዤ አስመጣለሁ፣ ታገሡ» አለ። ትዕግሥት ደግሞ ከእትዬ መስታወት መሣሪያዎች መሐል አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ የመኪና ቸርኬ የሚያጸዳ ጎረቤት እንደዚያ ያለ ሳጥን አለው።

«እትዬ፣ የመኪና ብረት ሲነፉበት ነው የኖሩት» አለ ኬሚስቱ።

«ፍሬውን ደፍተን አዲስ እናስገባለን። ሳጥኑ ሳጥን ነው!»

ፍሬው ተደፍቶ አዲስ ገባ። ሥራው ሲወጣ ውብ ነበር። ጠዋት ጭጋግ ያረፈበት መስኮት ይመስላል። ኬሚስቱ እንደወትሮው አሲድ ውስጥ ነክሮ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ሰጠ። እትዬ መስታወት በሳጥን ስታሽግ ታንጎራጉር ነበር።

ከቀናት በኋላ በምሳ ሰዓት ስልኳ ጠራ። ልጇ ናት።

«እማዬ፣ ተቀምጠሻል?»

«እኔ መች ተቀምጬ አውቃለሁ! ተናገሪ።»

«ዛጉ።»

«ምኖቹ?»

«የማይዝጉት።»

ጀርም በእንፋሎት ከሚያመክነው ማሽን ሲወጡ ሁሉም ላይ ብጉር የመሰለ ቡናማ ነቁጥ ፈልቷል። ደግነቱ ገና ሰው ላይ አልዋሉም፤ ልጅቷ ራሷ አይታ ነው ለይታ ያስቀረቻቸው። እትዬ መስታወት ስልኩን ዘግታ ወዲያው ወደ ባለቤቱ ቢሮ ሄደች። ኬሚስቱም ተከተላት።

«ጋሼ፣ የቸኮልኩት እኔ ነኝ» አለች።

«አሲዱ ውስጥ የነከርኩት እኔ ነኝ፤ አይቼ ማቆም ነበረብኝ» አለ ኬሚስቱ።

«አይ፣ እሱ ነግሮኝ ነበር።»

«ብነግራትም አብሬያት ሳጥኑ ጋ ሄጃለሁ።»

ባለቤቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያይ ቆይቶ «ሁለታችሁ ጥፋቱን ተሻምታችሁ ስትጨርሱ ንገሩኝ፣ ወደ ሥራ እንገባለን» አላቸው።

ሹፌሩ የዛጉትን ከሆስፒታል መልሶ እንዳመጣ፣ ኬሚስቱ በዚያው ቀን ከቁም ሳጥኑ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ አወጣ። መዳብ የሟሟበት ነው። ከዛጉት መቀሶች አንዱን በደንብ አጽድቶ፣ ከእሷ የሚያበሩ መቀሶች አንዱን ጎኑ አስቀመጠና ሁለቱም ላይ ፈሳሹን አንጠባጠበ። ወንበር ስበው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ከቸርኬ ቤት የመጣው መቀስ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ብቅ ብቅ አሉ። የሚያበራው ላይ ፈሳሹ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

«ቀዩ ምንድነው?»

«ተራ ብረት ባለበት ሁሉ መዳቡ ይለጠፍበታል። የቸርኬው ብናኝ ነው። በሳጥኑ ጥግና በቱቦው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ስንነፋ አብሮ ተነፋና መቀሱ ፊት ላይ ተሰካ። የዛገው የኛ ብረት ሳይሆን እንግዳው ነው።»

«ሳይጋበዝ ገብቶ ቤቱን አሰደበ በለኛ!»

ይህን ካወቀች በኋላ ፊቷ ፈታ አለ። ድብዝዝ ማለቱ በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ በዓይኗ አየች። የባለቤቱ ሳጥን እስኪመጣም ቁጭ አላለችም። በእጇ፣ በብርጭቆ ወረቀትና በተለያየ ብሩሽ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ስትሞክር ሰነበተች። አዲሱ ሳጥን ሲገባ በግንባሩ ላይ በትልቅ ፊደል «ተራ ብረት አይገባም» ብላ በቀለም ጻፈችበት። ባለቤቱ አንድ ቀን የቤቱን የዛገ ቁልፍ ይዞ «ይቺን አንዴ ነፋ ነፋ አድርጊልኝ» ሲላት ከክፍሉ አስወጣችው። በገዛ ወርክሾፑ!

ሥራው አዲስ መልክ ያዘ። መጀመሪያ እንደ ድሮው ፊት እስኪያሳይ ታበራዋለች። ከዚያ ያንን ያበራችውን ራሷ ሳጥኑ ውስጥ አስገብታ ታደበዝዘዋለች። የመጀመሪያውን ስታስገባ እጇ ትንሽ ዘገየ። አሳምራ የጎነጎነችውን ፀጉር መላጨት ሆነባት። አጠገቧ የሚሠራው ገጣጣሚ ግራ ገባው።

«እትዬ፣ ልታደበዝዢው ከሆነ ለምን ትደክሚበታለሽ?»

«ከሥር ጭረት ካለ ከላይ ያለው ጭጋግ አይሸፍነውም። አንተ ባታየውም ዝገት ያየዋል።»

ኬሚስቱ በበኩሉ የአሲዱን ሰዓት አረዘመ፣ ቅባቱን ቀድሞ በሳሙና ማስለቀቅ ጀመረ። ከዚያ ፈተናው መጣ። መቀሶቹን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ሳያደርቁ ዝም ብለው አሳደሯቸው። በማግስቱ እትዬ መስታወት በር ሳይከፈት ደርሳ ጥበቃውን ቀሰቀሰችው። መቀሶቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አዞረች። ፊታቸው ንጹሕ ነው። የአንዱ መጋጠሚያ ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነች ቡናማ መስመር አለች። ኬሚስቱ ሲገባ ሰላምታ ሳትሰጠው መቀሱን አፍንጫው ሥር አቀረበችለት።

«አሲድ ቀርቶበት ነው» አለ አገላብጦ አይቶ። «ጥርቅም አድርገን ነው ያጠብነው።»

«እንግዲያው ታጥቦ እስኪደርቅ አፉን ከፍቶ ይደር። መጋጠሚያው ውስጥ ደግሞ ፍሬው አይንካው፣ እዚያ እኔ በእጄ አለሰልሰዋለሁ።»

እንደዚያ አደረጉ። እንደገና ቀቀሉ፣ እንደገና አሳደሩ። መስመሯ አልተመለሰችም። ሰማያዊው ፈሳሽም ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ባልደረቦቿ «አሁንማ ስምሽ እትዬ ጭጋግ መሆን አለበት» ብለው ሲቀልዱባት «ስሜን ከነሥራው ነው ያገኘሁት፣ አልመልስም» አለቻቸው።

የመቀሶቹ ሳጥን ወደ ሆስፒታል የሄደ ሳምንት ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ እናቷ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ተጠቀመበት?»

«ተጠቀመበት።»

«ምን አለ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«እጁን ዘረጋ፣ ሰጠሁት፣ ሠራ፣ መለሰልኝ። እንደገና ዘረጋ፣ እንደገና ሰጠሁት። እማዬ፣ አንድም ጊዜ ቀና ብሎ መቀሱን አላየውም። ሥራውን ብቻ ነው ያየው።»

እትዬ መስታወት መጀመሪያ ትንሽ ቅር አላት። የማይታይ ነገር ሠርታ አታውቅም። ቆይቶ ግን ነገሩ ገባትና ልጇን አቅፋ ጉንጯን ሳመች። «ሁለተኛ ግን ቆንጆ ነው ብለሽ እንዳታታልዪኝ» አለቻት። «አስቀያሚ ከሆነ አስቀያሚ በዪኝ። ለማስተካከል እጅ አለኝ።»

መቀሶቹ ወራት አለፋቸው፤ እንፋሎቱ ማሽን ውስጥ ገብተው ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ፣ ነቁጥ አልወጣባቸውም። ሌሎች ሐኪም ቤቶችም እንዲህ ያለ ዕቃ ይፈልጉ ጀመር። ባለቤቱ የማጠናቀቂያውን ክፍል በሙሉ እትዬ መስታወት እንድትመራው ጠየቃት። እሷም መጀመሪያ ብናኙን የሚስብ ደህና ማራገቢያ እንዲገባ አዘዘች፣ ኬሚስቱ ከጃንጥላ ቤቱ ጋር ወደ አጠገቧ እንዲዛወር አደረገች፣ ከዚያ እሺ አለች።

በዚያው ዓመት የአውቶቡስ ሹፌሩ ባሏ ብሽሽቱ ላይ እበጥ ወጣበት። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚቀመጥ ሰው ስለሆነ ሲደብቀው ከርሞ፣ አንድ ቀን ከአውቶቡሱ መውረድ አቃተው። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ተባለ፤ ሐኪሙም ያው ሐኪም ሆነ። ልጅቷ አባቷ ስለሆነ የዚያን ቀን ሌላ ነርስ ተክታ ውጭ ቀረች። አልጋው ሲገፋ ባልየው ሚስቱን ጠርቶ «መቀሱ ያንቺ ነው አይደል?» አላት።

«የኔ ነው።»

«የተጣላንበት ሳምንት የሠራሽው እንዳይሆን ብቻ!»

እናትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ያንን በር ስንት ጊዜ ገብታ ወጥታበታለች፤ ዛሬ ግን ከውጭ ሆና ዓይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር። እናቷ እጇን ያዘቻት። ውስጥ ምን ምን መሣሪያ እንደተዘረጋ ታውቃለች፤ እያንዳንዱ በእጇ አልፏል፤ በእነሱ በኩል ስጋት አልነበራትም። የፈራችው የባሏ ልብ ማደንዘዣውን እንዳያቅተው ነበር። የሰውን ልብ ወልውሎ የሚፈትሽበት ሰማያዊ ጠርሙስ የላትማ።

በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ጭንብሉን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ ወጣ። እትዬ መስታወት ብድግ አለች።

«ዶክተር፣ መሣሪያዎቹ እንዴት ናቸው?»

ሐኪሙ ቆመና አያት። «ወይ ጉድ! ስለ ባልዎ አይጠይቁም?»

«ስለ እሱማ ገና በሩን ሲከፍቱ ፊትዎ ነገረኝ።»

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። ሐኪሙም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «መቀሶቹ ጥሩ ናቸው» አለ። «አንዱ የመርፌ መያዣ ግን መጋጠሚያው ትንሽ ይጠብቃል።»

«ነገ ይላኩልኝ» አለችና የልጇን እጅ ይዛ ወደ ባሏ ገባች።